ሃምሳ አለቃ ጠላት

«ጠላት ሞተ» አለኝ ካሳዬ።

ፒያሳ፣ ከሰዓት መጠገኛዬ ደጃፍ የጭነት ማኪናውን አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ነው ያረዳኝ። ሰዓቷን ልትወስድ የቆመች አንዲት ወይዘሮ «እሰይ! የጠላት ዘሩ ይጥፋ» ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ካሳዬ ግንባሩን ከመሪው ላይ ደፋ። «ምነው እትዬ! የኛ ጠላት እኮ ነው» አላት። ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም እንባዬ መጣብኝ። ሰዓት ሠሪ ለጠላቱ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም መሰለኝ ሰዓቷን ሳትወስድ ሄደች።

ሟቹ ሃምሳ አለቃ ፈንቴ ይባላል። «ጠላት» ያልነው እኛ ምልምሎቹ ነን። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት በበጌምድር፣ ከፀዳ ወዲያ ፈንጠር ብላ አንዲት ትንሽ የወታደር ማሰልጠኛ ሰፈር ነበረች፤ ዛሬ ቦታዋ ላይ ጤፍ ይዘራል። እኔና ካሳዬ ከገበሬ ቤት ወጥተን ወታደር የሆንነው እዚያ ነው። ጠመንጃው ለሁሉም ስለማይዳረስ በእንጨት ጠመንጃ፣ ጥይት ለልምምድ ስለማይፈቀድ ያለ ጥይት፣ ጦርነትም ስላልነበረ ያለ ጦርነት መዋጋት ነበረብን። ለዚህ ደግሞ ጠላት የሚሆን ሰው ያስፈልጋል።

ጠላት መሆን የሚወድ የለም። በጨዋታም ቢሆን አገሬው «ጠላት» ብሎ ከጠራህ ስሙ ይለጠፍብሃል። ሌሎቹ አሰልጣኞች ተራው ሲደርሳቸው ሆዳቸውን ያማቸዋል። ፈንቴ ግን ሥራውን ለምኖ ወሰደው። «እኔ በአርበኝነት ዘመን ጣሊያን ራሱ አስተምሮኛል፤ ትምህርቱንም በደም ነው የከፈልሁት። እኔ ካላሳየኋችሁ ማን ያሳያችሁ?» ይል ነበር።

ረጅም፣ ቀጭን፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የጎደለ ሰው ነው። መፋቂያ ከአፉ አይጠፋም። መናገር ሲፈልግ መፋቂያውን ያወጣል፣ ጫፉን ያያል፣ ከዚያ ይናገራል። እኛም መፋቂያው ሲወጣ ጆሯችንን እናቆማለን። ጠዋት ከሰልፉ ፊት ሲቆም ሰላምታው ሁልጊዜ አንድ ነው፦

«የትናንት ሙታን፣ እንደምን አደራችሁ?»

እኛም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሃምሳ አለቃ!» ብለን እንመልሳለን። በሳቅ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ሰሞን ደማችን እየፈላ ነበር።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከአሸዋ ነው። ከመጋዘኑ ጥግ ትልቅ የሳንቃ ሣጥን አሠርቶ አሸዋ ሞላውና በላዩ አገር ሠራ። ከነጻነት በኋላ አንድ እንግሊዝ መኮንን ሲሠራ አይቶ ነው የለመደው። እንግሊዙ ግን ተራራውን በአሸዋ ሲከምረው ሁልጊዜ ይናድበት ነበር አሉ። ፈንቴ ወደ ወለቃ ወጥቶ ሸክላ ሠሪዎቹን አዘዘ። «ምን እንሥራልህ፣ ድስት ነው ጋን?» ብለው ቢጠይቁት «ተራራ» አላቸው። ሴቶቹ ተሳስቀው ተሳስቀው፣ በኋላ ግን እሳት የበላው፣ ገደሉና ሸንተረሩ የወጣለት ተራራ ሠርተው በአህያ አስጫኑለት።

በዚያ አሸዋ ላይ በቆሎ እኛ ነን፤ ባቄላ ጠላት ነው። ባቄላውን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ብቻ ነው። አንዱ ምልምል ይወጣና በቆሎውን በገደሉ ሥር አድርጎ ወደ ሸክላው ተራራ ያስኬዳል። ፈንቴ መፋቂያውን ያወጣል። ባቄላው ማንም ካላሰበው ሸለቆ ብቅ ይላል። በቆሎው ተከበበ። አንድ ቀን የወጥ ቤቱ ዶሮ ሣጥኑ ላይ ወጥታ ሙሉ ጦራችንን ለቅማ በላችው፣ ባቄላውን ግን አልነካችም። ካሳዬ «ይች ዶሮ የጠላት ሰላይ ናት» ብሎ ሊያርዳት ሲነሳ፣ ፈንቴ «ተዋት፤ ዘብ ሳታቆሙ ስለተኛችሁ ነው የበላቻችሁ» አለውና በማግስቱ ስለ ዘብ አቋቋም ሲያስተምረን ዋለ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ቀልድ ሲያገኝ ቀልዱን ሳያባክን ትምህርት ያደርገዋል።

ከአሸዋው ወደ እውነተኛው ጉብታ እንወጣለን። ከሰፈሩ ጀርባ «ቀይ አፈር» የምንላት ጉብታ አለች። እዚያ ላይ የምንዋጋው በአመድ ነው። ከአሮጌ አቡጀዲ የተሰፋች፣ መዳፍ የምትሞላ ከረጢት አለች፤ ውስጧ የወጥ ቤት አመድ ነው። ስትወረወር ትፈነዳለች። አመድ የነካው ሰው ሞቷል፤ ልምምዱ እስኪያልቅ በወደቀበት ፀሐይ ላይ መተኛት አለበት። የጠመንጃውን ድምፅ ጅራፍ ይተካዋል። ለቡሄ ጅራፍ ስናጮህ ያደግን ነንና ለዚያ ማንም አስተማሪ አላስፈለገንም። መድፉ ባዶ የቤንዚን በርሜል ነው።

ችግሩ እኛ የበጌምድር ልጆች ሙግት እንወዳለን። ደረታችን በአመድ ነጥቶ እንኳ «አልነካኝም! ነፋስ ያመጣው ነው! ምስክር አለኝ!» እንላለን። አንዱማ «ከረጢቷ የፈነዳችው ከወሰን ወዲያ ነው» ብሎ መሬቱን በገመድ ሊለካ ተነስቶ ነበር። ፈንቴ ሙግቱን በትዕግሥት ይሰማና መፋቂያውን ያወጣል።

«ጨረስህ?»

«ጨረስሁ።»

«ሸጋ ተናግረሃል። ጥይት ግን ይግባኝ አይሰማም። ተኛ።»

ከሙግት የባሰ በሽታ ደግሞ ነበረብን፤ ፉከራ። አንድ ሰው ጠላቱን ሲጥል ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። አባቱም አያቱም ያደረጉትን ያደርጋል፤ ዘሎ ይነሳል፣ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ያነሳል፣ «ዘራፍ!» ይላል፣ የራሱንና የዘሩን ስም ይጠራል። እኛም በእንጨት ጠመንጃችን፣ በአመድ ለጣልነው ሰው እንፎክር ነበር። ፉከራው ሳያልቅ ከአንዱ ቁጥቋጦ ሥር የፈንቴ ከረጢት ይመጣና ፊታችን ላይ ይፈነዳል። አፋችን የተከፈተ ስለሆነ አመዱን እንውጠዋለን። ካሳዬ ከሁላችንም ይብስ ነበር፤ ግጥም ያውቃል፣ ድምፁ ያምራል፣ ስለዚህ ከሁላችንም ይበልጥ አመድ በልቷል።

አንድ ቀን ካሳዬ አመዱን ተፍቶ እንዳበቃ ወኔው መጣበትና «ሃምሳ አለቃ፣ ጥሎ ያልፎከረ ምኑን ወንድ ሆነ? ዝም ብለን እንደ ሌባ ልንገድል ነው?» አለ። ሁላችንም በልባችን እንደግፈው ነበር። እኔ ራሴ «እውነቱን ነው» ብያለሁ።

ፈንቴ ከመካከላችን መጥቶ ቁጭ አለ። መፋቂያውን አወጣ፤ በዚያ ቀን ግን ጫፉን አላየም፣ ሰብሮ ጣለው።

«ታላቅ ወንድም ነበረኝ፤ አዱኛ ይባላል። ደንቢያ ሜዳ ላይ ከጣሊያን ጋር ስንዋጋ አጠገቤ ነበር። አንዱን ጣለው። ደግሞ ሸጋ አድርጎ ነው የጣለው። ተነሳና ፎከረ፦ ‹ዘራፍ! ጠላቴን ጣልሁት ከቆመበት› አለ። ሁለተኛውን ስንኝ ልሰማ ቀና ብዬ ሳየው አፉን መቱት። ግጥሙ ቤት ሳይመታ ሞተ» አለን።

ካሳዬ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«ፎክሩ፤ ማን ከለከላችሁ? እኔ የአባቶቻችሁን ወግ ልሽር አልመጣሁም። ግን ተኝታችሁ ፎክሩ!» አለ ፈንቴ።

የዚያን ቀን ሁላችንንም በሆዳችን አስተኝቶ፣ አገጫችን ቀይ አፈር እየነካ አስፎከረን። አፈር ከጥርሳችን ጋር እየተላፋ፣ «ዘራፍ!» ስንል አቧራ እየነፋን፣ እየሳቅን፣ በኋላም እውነተኛ ወኔ እየመጣብን ፎከርን። በመንገዱ የሚያልፉ ገበያተኞች እነዚህ ምን ነካቸው ብለው ቆመው ያዩን ነበር። እሱም ከእኛ ጋር ተኝቷል። እሱ ግን አልፎከረም፤ በሕይወቴ ሲፎክር ሰምቼው አላውቅም።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል ወሬ መጣ፤ ከትምህርቱ እንደወጣን ወደ ቆላ ወርደን መንገድ የዘጋ ሽፍታ ልናሳድድ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ትልቅ ሹም መጥቶ ሥራችንን ሊያይ ነው ተባለ። ሰፈሩ ተጠረገ፣ ድንጋዩ ኖራ ተቀባ፣ ድንኳን ተተከለ። ሻምበላችን ፕሮግራም አወጣ። በፕሮግራሙ መሠረት ምልምሎቹ ቀይ አፈርን ይይዛሉ፣ ጠላት በተራ በተራ ይሞታል፣ በመጨረሻ ካሳዬ ከጉብታው ጫፍ ቆሞ ይፎክራል፣ ሁሉም ይቀበለዋል፣ ሹሙ ያጨበጭባል።

እኔ ያን ሰሞን በጠላት ወገን ተመድቤ ስለነበር ሻምበሉ ፈንቴን ሲያስጠራው አብሬው ገባሁ። ሻምበላችን ክፉ ሰው አልነበረም። ፈንቴንም ያከብረዋል። ብቻ ከበላይ የሚመጣ ሰው ያስፈራዋል።

«ፈንቴ፣ ያን ቀን ትሞታለህ» አለው።

«ከገደሉኝ እሞታለሁ ጌታዬ።»

«ይገድሉሃል። ፕሮግራሙ ላይ አለ።»

«ጠላት ፕሮግራማችንን አላነበበም ጌታዬ።»

ሻምበሉ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ስማኝ እባክህ። የአንድ ቀን ጨዋታ ነው። እንግዳው ይደሰት፣ ልጆቹ ይፎክሩ፣ አንተም ተኛና ይለቅ። ጡረታህ ደርሷል። እምቢ ብትል ማዕረግህን የምገፈው እኔ ነኝ፤ አታስደርገኝ።»

«ጌታዬ፣ እነዚህ ልጆች ጨዋታውን ጨርሰው በዚያው ሳምንት ቆላ ይወርዳሉ። መጨረሻ የተማሩት ነገር ቆሞ መፎከር ከሆነ፣ ሽፍታው የሚወረውርባቸው አመድ አይደለም። አዱኛን አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ። ደግሜ አልቀብረውም» አለ ፈንቴ።

«ይህ እምቢታ ነው?»

«አይደለም ጌታዬ። ሥራዬ ነው። ጠላት ሁን ብለውኛል።»

ከሰዓት በኋላ የጠላት ወገን የሆንነውን ሰብስቦ የሚያደርገውን ነገረን። «መሞት የፈለገ በፕሮግራሙ ይሙት፤ አልቀየመውም። ቅጣቱም የኔ ብቻ ነው» አለ። ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። ፈርቼ ነበር፤ ግን የፈራሁት ቅጣቱን አይደለም። እሱን ብቻውን ከቁጥቋጦ ሥር ትቼ መተኛትን ነው የፈራሁት።

ቀኑ ደረሰ። ትልቁ ሹም ጥቁር ካባ ደርቦ ከድንኳኑ ሥር ተቀመጠ። የከተማው ሰው ጉግስ ሊያይ እንደመጣ ሁሉ ተሰብስቧል። ጅራፉ ጮኸ፣ በርሜሉ ተመታ፣ ጓደኞቻችን በደረታቸው እየተሳቡ ወጡ። ሸጋ አድርገው ነው የወጡት። ከእኛ ወገን ከፊት የነበሩት በፕሮግራሙ መሠረት ወደቁ። እኔ፣ ፈንቴና ሌሎች ጥቂቶች ሆነን ከጉብታው ጀርባ ካለው የቀጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ነበርን። ምልምሎቹ ጫፉን ያዙ። ካሳዬም እንደታዘዘው ዘሎ ተነሳ።

«ዘራፍ!» አለ። ሌሎቹም ተነሱ። ሹሙ አጨበጨበ፤ ሕዝቡ እልል አለ።

ፈንቴ እጁን አነሳ።

ከረጢቶቻችን ሁሉ ባንድ ጊዜ ሄዱ። የጉብታው ጫፍ ግራጫ ሆነ። ካሳዬ አፉን ከፍቶ አመዱን ዋጠና ሌላ ትእዛዝ ሳይጠብቅ በቁሙ ዱብ አለ፤ የተቀሩትም እየተከተሉት ተኙ። እልልታው ጉሮሮ ላይ ቀረ። ነፋሱ ደግሞ አመዱን አንከብክቦ ወደ ድንኳኑ ወሰደውና በሹሙ ካባ ላይ ቀስ አድርጎ አሳረፈው።

ፈንቴ ከቁጥቋጦው ወጥቶ፣ ልብሱን አራግፎ፣ በሰልፍ እርምጃ ወርዶ ከድንኳኑ ፊት ቆመ። ሰላምታ ሰጠ።

«ጌታዬ፣ ጉብታው በጠላት እጅ ነው። መሪውም ወታደሩም ቆሞ ስለፎከረ ሞቷል» አለ። ከዚያ ካባውን አየና መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎም ሞተዋል።»

ሹሙ ተነስቶ ካባውን አራገፈ፣ ሻምበሉን በዓይኑ ወግቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት በሰልፍ ፊት ማዕረጉ ተገፈፈ። ሻምበሉ የክንዱን ምልክት ሊቀድ ይዞ ቢጎትት ቢጎትት ክሩ እምቢ አለ። ፈንቴ «ይፍቀዱልኝ ጌታዬ፤ ሸሚዙ የመንግሥት ነው፣ አይቀደድ» አለና በጥርሱ ክሩን በጥሶ፣ ምልክቱን አላቅቆ በሁለት እጁ አስረከበው። ሻምበሉ ተቀብሎ ፊቱን አዞረ። ሲያለቅስ ያዩት አሉ፤ እኔ አላየሁም።

ፈንቴ ወደ እኛ ዞረ።

«የትናንት ሙታን፣ ደህና ሁኑ!» አለ።

ምላሽ መስጠት ተከልክሎ ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሃምሳ አለቃ!» ያልነው ድምፅ ግን እስከ ፀዳ የተሰማ ይመስለኛል። ሁላችንም ተቀጣን። እስከ ዛሬ ያን ቅጣት ሳስበው ደስ ይለኛል።

በዚያው ሳምንት ቆላ ወረድን። ሽፍቶቹ በአንድ የደረቀ ወንዝ ዳር ጠበቁን። ካሳዬ አንዱን ሲጥለው አጠገቡ ነበርሁ። ጉልበቱ ከመሬት ሲነሳ አየሁት። ልይዘው እጄን ስዘረጋ ራሱ ተመልሶ ተደፋ፣ ጉንጩን አሸዋው ላይ አጣብቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሹክሹክታ «ዘራፍ… ዘራፍ…» ይል ጀመር። ጥይቱ ከበላያችን የቀጋውን ቅርንጫፍ ቆርጦ አለፈ። በስተግራችን ከሌላ ቦታ የመጣ የወገን ጦር ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ ሸጋ ጎልማሳ፣ ሽፍታ ጣለና ተነስቶ ፎከረ። በቃሬዛ ያወረድነው እኛ ነን። አፉ እንደተከፈተ ነበር።

ስንመለስ እኔና ካሳዬ ፈንቴን ፍለጋ ወደ ደንቢያ ሄድን። ከኮላ ድባ ወጣ ብሎ ባለው የአባቱ መሬት ላይ ጓያ ሲያጭድ አገኘነው። ሚስቱ ወይዘሮ የሺ ጠላ ቀዳችልን። ካሳዬ ቆላ ላይ የሆነውን ነገረው። ፈንቴ መፋቂያውን አወጣ፣ ጫፉን አየ።

«ተኝተህ?»

«ተኝቼ፣ አያ ፈንቴ።»

«ሸጋ።»

ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼ እኔም ጠላዬ ላይ አቀረቀርሁ።

ካሳዬ ልቡ ስለሞላ አንድ ነገር ጨመረ። «የአያ አዱኛን ግጥም ልጨርሰው? ሁለተኛው ስንኝ መጥቶልኛል» አለ።

ፈንቴ እንደ ጥንቱ ጠላት ሆኖ ዞረ። «እኔ በቁሜ ያን ግጥም ማንም አይጨርሰውም!»

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እየሄድን ጠይቀነዋል፤ ስለ ግጥሙ ግን አንስተን አናውቅም። ማዕረጉን መልሱልኝ ብሎ አቤት ያለበት ጊዜ የለም። «ያኔ የወሰዱት ጨርቅ ነው» ይላል።

ካሳዬ ባረዳኝ ቀን ሱቄን ዘግቼ በእህል ማኪናው ወረድን። ሌሎቹም የቀይ አፈር ሙታን ከያሉበት መጥተዋል፤ ሽበት የወረራቸው፣ ቦርጭ ያወጡ፣ አንዱ ከዘራ የያዘ። ክረምት ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። አስከሬኑ ከመቃብሩ አፍ ሲደርስ የፈንቴ ዘመዶች እንደ አገሩ ወግ ጠመንጃቸውን አንስተው እየተመላለሱ ፎከሩ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «ጓዶቹ እናንተ አይደላችሁም? ተነሱ እንጂ!» አሉን።

ካሳዬ አዲስ ኮቱን ለብሶ ነበር፤ ለበዓል ብቻ የሚለብሰውን። ሁለት እርምጃ ወደ መቃብሩ ሄደና በሆዱ ጭቃው ላይ ተኛ። እኔም ተከተልሁት። አንድ በአንድ ሁላችንም ተኛን። ከዘራ የያዘው በመጨረሻ፣ እየተንገዳገደ፣ ተኛ።

«ምነው ልጆቼ! ምን ሆናችሁ?» አሉ ቄሱ።

«አይንኳቸው አባቴ፤ እሱ ነው ያስተኛቸው» አለች ወይዘሮ የሺ። እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

ካሳዬ አገጩን ጭቃው ላይ አድርጎ፣ ባረጀ ግን ባማረ ድምፁ፣ የአዱኛን ግጥም ከተቋረጠበት አነሳው፦

«ዘራፍ!
ጠላቴን ጣልሁት ከቆመበት፣
ወንድሜ ይጨርሰው ከተኛበት!»

ሁላችንም ከጭቃው ውስጥ «ዘራፍ!» ብለን ተቀበልነው። መቃብሩ እስኪሞላ ድረስ ማናችንም አልተነሳንም።